የልጆች ፊልም መግቢያ ከልጁ ይጀምር

ፊልም ለሚማሩ ወጣቶች ከሚሰጡት የቡድን ሥራዎች አንዱ ለልጆች የሚሆን ፊልም መግቢያ ማዘጋጀት ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ፊልሙ በሙሉ አይሠራም፤ የሚሠራው የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። ይኸውም ርእሱ የሚጻፍበት፣ ዜማው የሚሰማበት፣ ተመልካቹ ሕፃን «ልቀመጥ ወይስ ልሂድ» ብሎ የሚቆርጥበት ክፍል ነው። ይህ አጭር ሥራ የሠሪዎቹን ጠባይ ከብዙ ረጃጅም ሥራዎች ይልቅ የሚገልጥ ሆኖ ስላገኘነው፣ ዛሬ ስለ እርሱ ከተማሪዎችና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጋራ ልንነጋገር ወደድን።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አምስት ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተመድበው፣ ለፊልማቸው ግሸንን መረጡ እንበል። ምርጫቸው የሚነቀፍ አይደለም። በደቡብ ወሎ በአምባሰል የሚገኘው ይህ አምባ አናቱ በመስቀል አምሳል የተዘረጋ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሕዝብ ወደ ግሸን ማርያም ይወጣል። ከዚህም ሌላ አምባው በጥንት ጊዜ የነገሥታት ልጆችና ዘመዶች ዙፋን እንዳይሻሙ ተለይተው የሚጠበቁበት ስፍራ ነበር። ይህም ልማድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን እስከ ያዘበት ጊዜ ድረስ ቆይቷል።

እንግዲህ አምስቱ ተማሪዎች ለምክክር ሲቀመጡ ምን ይሆናል? አንዱ ድሮን በሚባለው በራሪ ካሜራ የመስቀሉን ቅርጽ ከሰማይ ላንሣ ይላል። ሁለተኛው የበዓሉ ሕዝብ ይታይ ይላል። ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ በተራኪ ድምፅ ይነገር ይላል። አራተኛው የታሰሩትን መሳፍንት በሥዕል እየሳልሁ ላንቀሳቅስ ይላል። አምስተኛው ደግሞ ትልልቅ ፊደልና ፈጣን ሙዚቃ ካልገባ ልጅ አያይም ይላል። እያንዳንዱ አሳብ ለብቻው ሲታይ መልካም ነው። ጓደኛን ላለማስቀየም ሲባል ግን ሁሉም ይግባ ተብሎ ይወሰናል።

ሂሳቡን እንመልከት። ፊልም በሰከንድ 24 ሥዕል ያሳልፋልና በአንዲት ደቂቃ መግቢያ ውስጥ ያለው 1440 ሥዕል ነው። ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 12 ሰከንድ፣ 288 ሥዕል ይደርሰዋል። ይህ እንደ ርስት ክፍያ ቢቆጠር ፍትሐዊ ነው፤ እንደ ፊልም ግን አምስት ቁራጭ እንጂ አንድ መግቢያ አይደለም። የአገራችን ገበሬ ደቦ ሲወጣ በሰው ማሳ ላይ የየራሱን ዘር አይዘራም። ሁሉም የባለማሳውን እህል ያርማል፤ ያጭዳል። በልጆች ፊልም ባለማሳው ሕፃኑ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ አሳብ መካከል ለሕፃኑ የሚሆነው የትኛው ነው? ስለ ዐፄ ናዖድ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ዐፄ ናዖድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1494 እስከ 1508 የነገሡ ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ከአማካሪዎቻቸው አንዱ የንጉሡን ትንሽ ልጅ አይቶ «ልጁ አደገ» ብሎ ተናገረ። ሕፃኑም ይህን በሰማ ጊዜ፣ ያደግሁት ለግሸን ኖሯል ብሎ አለቀሰ ይባላል። ይህ በትረካ የሚነገር ነገር ስለ ሆነ፣ ተማሪዎቹ በፊልማቸው ቢያስገቡት «ተብሎ ይተረካል» ማለት ይገባቸዋል። ለፊልም መግቢያ ግን ከዚህ የተሻለ ፍሬ ነገር አይገኝም።

በአገራችን ቤት ሁሉ ሕፃን የሚመረቀው «እደግ፣ ተመንደግ» ተብሎ ነው። ልጅ «አደግህ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ ከበሩ መቃን ተጠግቶ ቁመቱን ይለካል። ማደጉን ሲሰማ የሚያለቅስ ልጅ ካየ ግን፣ ተመልካቹ ሕፃን «ለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ርእሱ ቢጻፍ፣ ከዚያም አምባው ልጁ ሽቅብ እንደሚያየው ሆኖ ከታች ወደ ላይ ቢታይ መግቢያው ተፈጸመ። የመስቀሉን ቅርጽ ከሰማይ ማሳየት በኋላ ይደርሳል። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢትዮጵያን ሳያይ በ1759 ባሳተመው «ራስላስ» የተባለ ልብ ወለድ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ መሳፍንት የሚጠበቁበትን ስፍራ የደስታ ሸለቆ አድርጎ ሥሎታል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው እንዲህ ሊመስል ይችላል፤ ለሚሄድበት ልጅ ግን ሌላ ነው።

ከልጁ መጀመር አዲስ ነገር አይደለም፤ በአገራችን አስተማሪዎች አሉን። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ አርባ ዓመት ያህል ለልጆች ተረት አውርተዋል። በ2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ያዘነላቸው ሽማግሌውም ወጣቱም ነበር። የእርሳቸው መግቢያ ብዙ መሣሪያ አልነበረውም። ልጆቹን የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች ብለው ሰላምታ ሲሰጡ፣ በየቤቱ ያለው ሕፃን የተጠራው እርሱ መሆኑን ያውቅ ነበር። ከእርሳቸው በኋላም ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ፣ መምህርት ሳሉ ያዩትን የትምህርት ችግር መነሻ አድርገው፣ ከባለቤታቸው ጋራ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅት አቋቁመዋል። ጀግናዋ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ስትሆን በመጀመሪያ የተሠራችው ከካልሲ ነው። ከውጭም ምሳሌ ቢፈለግ፣ ስመ ጥሩው የኢራን የፊልም አዘጋጅ አባስ ኪያሮስታሚ በወጣትነቱ ለሰዎች ፊልም የመግቢያ ጽሑፍ ይሠራ ነበር። በ1970 የራሱን የመጀመሪያ አጭር ፊልም ሲሠራ ያሳየው ዳቦ ይዞ በጠባብ መንገድ ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅና መንገድ የሚዘጋበትን ውሻ ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረበትም፤ ጭንቀቱ ግን ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ስለ ሙዚቃውም አንድ ቃል እንጨምር። ከአራቱ የታወቁ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ አገር ነው። የግሸንን ታሪክ የሚያሳይ ቡድን የቤቱን ዜማ ትቶ ከሌላ አገር ፊልም የተቀዳ ጩኸት ቢያስገባ ያሳዝናል። አንድ ማሲንቆ ወይም አንድ ዋሽንት ከበቂ በላይ ነው። ስፍራው የጸሎት ስፍራ እንደ መሆኑም፣ ካሜራ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው።

አሁን ወደ ወጣት ሹማምንቶቻችን እንመለስ። አንዳንድ የልጆች ዝግጅት ሲጀመር መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ፣ ቀጥሎ የረጂዎች ስም፣ ቀጥሎ የምስጋና ዝርዝር ያልፋል። ፊደል ገና ያልለየ ሕፃን ይህን ሁሉ እንዲጠብቅ ይገደዳል፤ እርሱ ግን አይጠብቅም፤ ተነሥቶ ይሄዳል። ምስጋና ተገቢ ነው፤ ስፍራው ግን መጨረሻው ነው። ገንዘብ የሚፈቅድ ወይም ፊልም የሚመረምር ወጣት ሹም «የእኛ ስም ከፊት ይቅደም» ከማለት ቢቆጠብ፣ ምንም ሳያወጣ ልጆችን ይረዳል። በኮሚቴ ተቀምጦ የሚጻፍ ደብዳቤና ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ አንቀጽ ከጨመረበት፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ጉዳዩን ሳያገኘው ወረቀቱ ያልቃል።

ለተማሪዎቹም ምክራችን ይህ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ «እኔ ምን ላሳይ?» ከማለት «ልጁ መጀመሪያ ምን ይይ?» በሉ። መልሱ ከተገኘ በኋላ ሥራውን ተከፋፈሉ፤ አንዱ ይሣል፣ አንዱ ድምፅ ይቅረጽ፣ አንዱ ካሜራ ይያዝ፣ አንዱ ያገጣጥም፣ አንዱ ደግሞ ታሪኩን ከመጽሐፍ ያመሳክር። አሳቡ የቀረበት ጓደኛ ቢኖር የተናቀ አይምሰለው፤ የእርሱም እጅ በ1440ው ሥዕል ሁሉ ውስጥ አለ። ሥራው ባለቀ ጊዜም ለመምህሩ ከመታየቱ በፊት፣ ከሠፈሩ ሁለት ሦስት ሕፃናት ጠርታችሁ አሳዩአቸው። እናንተ የምትመለከቱት ፊልሙን ሳይሆን የልጆቹን ፊት ይሁን። ደቂቃዋ ስታልቅ «ከዚያስ?» ብለው ከጠየቁ ሥራችሁ ሰምሯል። ዝም ብለው ከተነሡም አትናደዱባቸው፤ እንደ ገና ተሰብሰቡና ከልጁ ጀምሩ።