ልዩነት የለም ማለት መርዝ የለም ማለት አይደለም

«የፒ ዋጋ ከ0.05 በላይ ስለሆነ በእርሻዎቹ መካከል ጉልህ ልዩነት የለም።» እንዲህ ብሎ የሚዘጋ የጤና ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ሳሪስ አቦ ነው። በከተማችን ጉልት ላይ ከሚሸጠው ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ከፊሉ በአቃቂ ወንዝ የለማ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽና የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ተመራማሪዎች ከዚህ አትክልት ናሙና ወስደው እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮም ሲለኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ልኬቱን አላማም፤ ይበል ነው። የምጣላው ልኬቱ ከተያዘ በኋላ በሚሆነው ነው። የሦስት እርሻ ቁጥር ኤስፒኤስኤስ የተባለ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፣ አኖቫ የሚባለው ፈተና ይሠራል፣ ውጤቶቹ ኤፍና ፒ ሠንጠረዥ ላይ ይቀመጣሉ፣ የመመረቂያ ወረቀቱ ይጠረዛል።

አኖቫ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በቡድኖቹ አማካዮች መካከል ያለው ርቀት፣ በየቡድኑ ውስጥ ካለው መበታተን ጋር ሲተያይ፣ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ወይ? የትኛው እርሻ እንደተለየ አይናገርም። በስንት እንደተለየም አይናገርም። ከሁሉም የሚከፋው፣ እርሻዎቹን እርስ በርስ እንጂ ለጤና ከተቀመጠው ጣሪያ ጋር አያወዳድርም። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለቅጠላ ቅጠል አትክልት የፈቀደው የእርሳስ መጠን በኪሎ 0.3 ሚሊግራም ነው። ሦስቱም እርሻዎች 0.9 አካባቢ ቢገኙ አኖቫ «ልዩነት የለም» ይላል፤ አልዋሸም። ሦስቱም እኩል ተመርዘዋል! የዓለም ጤና ድርጅት በደም ውስጥ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም እያለ፣ ልጇን ቆስጣ የምታበላ እናት «ልዩነት የለም» ከሚለው ዓረፍተ ነገር ምን ትይዛለች?

የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር አኖቫን ያበጀው በእንግሊዝ የሮትሃምስቴድ እርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ነው፤ በ1923 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትንተና የድንችና የማዳበሪያ ነበር። በኋላም መደቦች በዕጣ እንዲደለደሉ አጥብቆ አስተምሯል። እኛ ዘንድ ዕጣው ይቀርና ከአንድ መደብ የተቆረጡ አሥር ቅጠሎች እንደ አሥር እርሻ ሲቆጠሩ ዝም ይባላል። አንድ ውኃ የጠጡ ቅጠሎች ቁጥራቸው ቢበዛም ማስረጃው አይበዛም። በየእርሻው ሦስት ናሙና ብቻ ወስዶ «ልዩነት አላገኘሁም» ማለትም ያው ነው፤ በዚያ ናሙና ትልቅ ልዩነት እንኳ ሊያመልጥ ይችላል።

አማካሪዎች ሆይ፣ ፈታኞች ሆይ፣ ይህን አታሳልፉ! ኤፍ ጉልህ ከሆነ በቱኪ ፈተና እርሻዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወዳደሩ፤ ልዩነቱ በሚሊግራም ከነመተማመኛ ወሰኑ ይጻፍ። ጉልህ ሆነም አልሆነም፣ እያንዳንዱ አማካይ ከጣሪያው ጎን ይቁም። ውጤቱም ለወረዳው ጤና ጣቢያ፣ ለገበሬውና ለሸማቹ በአማርኛ ይድረስ። ገበሬውን ግን አትክሰሱት፤ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ የለቀቀው እሱ አይደለም። የትኛው ቆስጣ ስንት እርሳስ እንደያዘ ሳይነግረን የሚያልፍ ጥናት መመረቂያ ሊሆን አይገባም።