የመርሳት ደዌ ያገኛቸው አረጋውያንና ጎረቤቶቻቸው

በፎገራ ሜዳ ክረምት በገባ ጊዜ የርብና የጉማራ ወንዞች እየሞሉ ብዙ ጊዜ መንገዱን ይዘጋሉ፤ አቅም ያለው ቤተሰብም ሁሉ ሩዙን ሲያርም ይውላል። ያን ጊዜ ከቤት ብቻውን የሚቀረው የልጁን ስም እንኳ የሚስተው ሽማግሌ ነው። ብዙ ሰውም «ጃጅተዋል፤ ምን ያውቃሉ» እያለ ከሰንበቴውም ከቡናውም ያስቀረዋል።

ይህ አሳብ ስሕተት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓመት በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎችን ይዞ የነበረው ይህ ደዌ ትዝታን ያጠፋል እንጂ ኀዘንን አያጠፋም፤ ማን እንዳስከፋው የረሳ ሰው መከፋቱ አብሮት ይውላል። ከትካዜውም የተነሣ እህል ይጠላል፥ እንቅልፍ ያጣል፥ ዝም ይላል፤ ዘመዶቹ ግን ሁሉን ከእርጅና ይቈጥሩታል። መርሳቱን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ትካዜው ግን በሐኪምም በወዳጅም ርዳታ ሊቀል ይችላል።

ስለዚህ የወረታና የአካባቢዋ ዕድሮች ለመሰብሰብ ሞትን ባይጠብቁ መልካም ነው። ሁለት ሁለት ሰው በተራ እየሄደ ሽማግሌውን ያጫውት፤ ሲገባም ስሙን አስቀድሞ ይንገረው እንጂ «አላወቁኝምን?» እያለ አይፈትነው፤ ይህ ጥያቄ ከስድብ ይከፋልና። ቀንና ሌሊት የምታስታምመው ምራትም በዚያች ሰዓት ጥቂት ታርፋለች።