መቶኛው የማንን ጥያቄ ይመልሳል?

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ በተቃረበባቸው የሰኔ ሳምንታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች ሪፖርቶች ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያዘነብላሉ፤ የፕሮጀክቱ ፊዚካል አፈጻጸም ይህን ያህል በመቶ፣ የፋይናንስ አፈጻጸሙም ይህን ያህል በመቶ ደርሷል ይላሉ። ፊዚካል አፈጻጸም የሚባለው በውል ከተያዘው የግንባታ ወይም የአቅርቦት ሥራ ውስጥ የተጠናቀቀው ድርሻ ሲሆን፣ የፋይናንስ አፈጻጸም ደግሞ ከተመደበው ገንዘብ ውስጥ ወጪ የሆነው ነው። በዚህ ሳምንት የተደመጡትና የተነበቡት ሪፖርቶችም ከዚህ አልወጡም፤ የዚህ ዓምድ የቆየ ቅሬታ እንደገና የተቀሰቀሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቅሬታው ቁጥሮቹ ሐሰት ናቸው የሚል አይደለም፤ ቁጥሮቹ እውነት ሆነው ሳለ የሚመልሱት ጥያቄ የተቋሙ ጥያቄ አይደለም የሚል ነው።

መቶኛው ከየት እንደሚመጣ ማስታወስ ይጠቅማል። ተቋራጩ የሠራውን ሥራ ለክቶ የክፍያ ሰርተፊኬት ያቀርባል፣ አማካሪ መሐንዲሱ ልኬቱን አጣርቶ ይፈርማል፣ የሥራው ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤትም በዚያ ላይ ተመሥርቶ ይከፍላል፤ ከእነዚህ ሰርተፊኬቶች ድምር የሚገኘው አኃዝ ነው በሪፖርቱ ላይ የሚቀመጠው። ስለዚህ መቶኛው ለተቋራጩ ምን ያህል እንደሚገባው በትክክል ይናገራል፤ መሥሪያ ቤቱ ከጎደለው ነገር ምን ያህሉን እንዳገኘ ግን አንዳች አይናገርም። የፕሮጀክት አመራር ትምህርት ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያስተምረው፦ ውጤት ማለት ፕሮጀክቱ ሠርቶ የሚያስረክበው ነገር፣ ማለትም ሕንፃው፣ ማሽኑ ወይም ሶፍትዌሩ ሲሆን፣ ፋይዳ ማለት ደግሞ ያ ነገር ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በተቋሙ አሠራር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው። የእኛ ሪፖርት የመጀመሪያው ላይ ቆሞ ሁለተኛውን እንደተገኘ ይቆጥረዋል።

ይህ የአንድ አገር ድክመት ብቻ እንዳልሆነ በቴክኖሎጂው ዓለም የታወቀው የኢሪዲየም ታሪክ ያሳያል። በሞቶሮላ ኩባንያ አነሣሽነት የተመሠረተው ኢሪዲየም በየትኛውም የምድር ክፍል የሚሠራ ስልክ ለማቅረብ 66 ሳተላይቶችን ያቀፈ መረብ በሕዋ ላይ ዘርግቶ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1998 አገልግሎቱን ጀመረ፤ በምሕንድስና ረገድ ከዚያ በፊት ያልተሞከረና በአስደናቂ ቅልጥፍና የተፈጸመ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ከተጀመረ ዓመት ሳይሞላው፣ በኦገስት 1999፣ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ድርጅት ለኪሣራ ማመልከቻ አስገባ። ምክንያቱ ሳተላይቶቹ አልሠሩም የሚል አልነበረም። ሐሳቡ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲጠነሰስ ገዢ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ተጓዥ ነጋዴ፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ባሉት ዓመታት በየከተማው በተስፋፋው ተራ ሞባይል ፍላጎቱን አሟልቶ ነበር፤ የኢሪዲየም ስልክ ደግሞ ውድና ከባድ ከመሆኑም ሌላ ሕንፃ ውስጥ አይሠራም ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሥራው መቶኛ በየወሩ ከፍ ሲል፣ ሥራው የተጀመረበት ምክንያት በአንጻሩ በየወሩ እየሟሸሸ ነበር፤ ሁለተኛውን እየለካ ወደ ውሳኔ ሰጪዎቹ ጠረጴዛ የሚያመጣ ግን አልነበረም። በኋላ ያንኑ መረብ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የገዙት ባለሀብቶች በመርከብ፣ በአውሮፕላንና በወታደራዊ ሥፍራዎች ላሉ፣ በእውነትም ሌላ አማራጭ ለሌላቸው ደንበኞች አቀረቡት፤ ድርጅቱም እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። ሳተላይቶቹ ያው ሆነው ሳለ ፋይዳቸው የተለወጠው የተጠቃሚው ጥያቄ በትክክል ስለተነበበ ነው።

ተቃራኒውም እውነት ነው። የሲድኒ ኦፔራ ቤት በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ታስቦ 102 ሚሊዮን ፈጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ይከፈታል ተብሎ የተከፈተው በ1973 ነው። በሪፖርት ሚዛን ውድቀት ቢሆንም፣ የዛሬዋን ሲድኒ ያለዚያ ሕንፃ ማሰብ ይከብዳል። ይህ ግን ለመዘግየትና ለብክነት ማመካኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል፤ በእኛ ዘንድ ለዘገየው ሁሉ ይህንኑ ሕንፃ የሚጠቅሱ ሰዎች አልጠፉም።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጉዳዩ የበለጠ ያሳስባል። የከተማዋ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተፈጠረው ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ይህ ዓምድም ያንን ደስታ ዛሬ አያራክስም። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጉትና በድምሩ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚጠጉት ሁለት መሥመሮች በ475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ በ4 ዓመት ውስጥ ተገንብተው ተጠናቀቁ፤ ከወጪው 85 በመቶ የሚሆነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ግንባታ በሚለካበት መለኪያ ከታየ ከአገሪቱ ፕሮጀክቶች ሁሉ በአርአያነት የሚጠቀስ ነው። ባቡሩን ተረክቦ የሚያንቀሳቅሰው ተቋም የሚያስፈልገው ግን ሐዲድና 41 ባቡሮች ብቻ አልነበረም፤ በየማለዳው በሰዓታቸው የሚነሡ፣ ሲበላሹ የሚጠገኑ፣ ብዙ ሕዝብ በአነስተኛ ዋጋ የሚያደርሱ ባቡሮች ነበሩ።

ችግሩ የተፈጠረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ቲኬቱ በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ሲተመን፣ መለዋወጫው በዶላር የሚገዛ፣ ብድሩም በውጭ ምንዛሪ የሚመለስ ነበር። ዋጋው ዝቅ ማለቱ ስህተት አይደለም፤ ከአያት ተነሥቶ መሀል ከተማ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ለሌላ መጓጓዣ የሚከፍለው አቅም ስለማይኖረው ዝቅ ሊል ይገባው ነበር። ነገር ግን ዋጋው ዝቅ እንዲል ሲወሰን ክፍተቱን ማን እንደሚሸፍን፣ የመለዋወጫው ዶላር በየዓመቱ ከየትኛው ቋት እንደሚመጣ፣ የጥገና ባለሙያዎቹ በስንት ጊዜ ውስጥ ከውጭ ባለሙያዎቹ ሙያውን እንደሚረከቡ፣ ከግንባታው ውል ጋር በአንድ ሰነድ ላይ መወሰን ነበረበት። ይህ ባለመሆኑ አሥር ዓመት ሳይሞላ ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ መጣ፤ ሐዲዱ ባለበት ሆኖ መንገደኛው ወደ ታክሲ ሰልፍ ተመለሰ። የዚያ ፕሮጀክት ፊዚካል አፈጻጸም ግን ዛሬም ቢጠየቅ መቶ በመቶ ነው።

የስኳሩ ጉዳይ ከዚህም ይከፋል፤ ምክንያቱም በባቡሩ ሥራ ቢያንስ ግንባታው ተጠናቋል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የአገሪቱን ዓመታዊ የስኳር ምርት ከ314 ሺህ ቶን ገደማ ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማሳደግ አልሞ፣ 10 አዳዲስ ፋብሪካዎችን ለመገንባት ተነሣ። ሥራው መስኖ፣ የእርሻ ልማትና የፋብሪካ ግንባታ ተብሎ ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ክፍልም የራሱ አስፈጻሚና የራሱ መቶኛ ነበረው። ሸንኮራ አገዳ ግን ለመቶኛ የማይመች ተክል ነው። እንደየአካባቢው የአየር ጠባይ ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለቆረጣ ይደርሳል፣ ጊዜው ካለፈ የስኳር ይዘቱ ይቀንሳል፣ ከተቆረጠ በኋላም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ካልተፈጨ ይበላሻል። በጣና በለስና በኦሞ ኩራዝ የስኳር ፕሮጀክቶች የሆነው ይኸው ነበር፤ አገዳው ደረሰ፣ ፋብሪካው ግን አልደረሰም፤ የተተከለውም ዕድሜው አልፎ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የእርሻው ክፍል ዕቅዱን አሳክቷል ተብሎ ሪፖርት ባቀረበባቸው ዓመታት ያ ስኬት ራሱ የኪሣራው መነሻ ነበር፤ ፋብሪካ በሌለበት የለማ አገዳ ገቢ የማያስገኝ ብቻ ሳይሆን የማያቋርጥ ወጪም ነውና። አገሪቱም ስኳር ከውጭ መግዛቷን አላቆመችም።

በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ የሚሰማ መልስ አለ፤ የልማት ሥራ በትርፍና ኪሣራ አይመዘንም፣ መሠረቱ ይጣል እንጂ ጥቅሙ በጊዜው ይመጣል የሚል ነው። ይህ መልስ ጥያቄውን አልሰማውም። የተጠየቀው ትርፍ ተገኘ ወይ ሳይሆን የታሰበው ጥቅም ለታሰበለት ሰው ደረሰ ወይ ነው፤ በዕዳ የተሠራ ነገር ሥራ ፈትቶ በቆመ ቁጥር ወለዱ እንደማይቆም ደግሞ ማንም የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያ ያውቀዋል። ከዚህ በላይ ለዚህ ክርክር ቦታ መስጠት አያስፈልግም።

ነገሩ በትልልቅ ግንባታዎች ብቻ እንዳይወሰን ብዙ አንባቢ በየመሥሪያ ቤቱ የሚያውቀውን የመረጃ ሥርዓት ፕሮጀክት ማየት ይበቃል። ሰርቨሩ ይገዛል፣ ሶፍትዌሩ ይጫናል፣ ሠራተኛው ለ5 ቀን ይሠለጥናል፣ ርክክብ ይፈጸማል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ያንኑ መረጃ አንዴ በኮምፒዩተሩ፣ አንዴ በባሕር መዝገቡ ትጽፋለች። አንዳንድ ኃላፊዎች ይህንን የለውጥ ጠልነት ይሉታል። እርሷ ግን ለውጥ አልጠላችም፤ ሒሳብ ሹሙ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካልቀረበለት አይከፍልም፣ ኦዲተሩም የሚጠይቀው ፊርማ ያለበትን ሰነድ ነው፤ መመሪያው ባልተለወጠበት ሁኔታ ባሕር መዝገቡን ብትተው ተጠያቂዋ እርሷ ናት። የሶፍትዌሩ ፕሮጀክት ሲታቀድ መመሪያውን መለወጥ የማንም ሥራ ተብሎ አልተመዘገበም፣ ሒሳብ ሹሙም ለስብሰባው አልተጠራም። ውጤቱ ሥራን ያቀላል የተባለው ሥርዓት ሥራን እጥፍ ማድረጉ ነው። በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥና ከዚያ በኋላ በመጣው ውጤት ተኮር ሥርዓት ያለፈ የመንግሥት ሠራተኛ ይህንን ከማንም በተሻለ ይመሰክራል።

በአንጻሩ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚገኘው ትምህርት በዚህ ረገድ ሊጠና ይገባዋል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ባደረገው ራዕይ 2025 ውስጥ የአውሮፕላን ግዥን፣ የጥገና ማዕከልን፣ የሥልጠና አካዳሚንና የካርጎ አገልግሎትን በአንድ የንግድ ሐሳብ ሥር ነው ያያያዛቸው፤ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የካርጎ ተርሚናልም አበባ ላኪው ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ምርቱን አውሮፓ ማድረስ እንደሚያስፈልገው ታውቆ የተሠራ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛን ባስቀረ ጊዜ አየር መንገዱ የ25 ያህል አውሮፕላኖችን ወንበር አንሥቶ ዕቃ ማመላለስ የቻለው የሚጠግነውም፣ የሚያበረውም፣ ዕቃውን የሚያስተናግደውም ክፍል ቀድሞውኑ በአንድ ዓላማ ስለተሰናሰለ ነበር። አዲስ ሕንፃ አላስፈለገውም።

ልዩነቱ የገንዘብ ወይም የዕውቀት ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ዋናው ልዩነት በአየር መንገዱ ዘንድ ፕሮጀክቱን የሚጠይቀውና የሚጠቀምበት አካል አንድ መሆኑ ነው። በብዙ የመንግሥት ሥራዎች አንዱ ይወስናል፣ ሌላው ያስገነባል፣ ሦስተኛው ይረከባል፤ ተረካቢው የሚመጣውም በርክክቡ ዕለት፣ በጎደለው ነገር ላይ ምንም ማድረግ በማይቻልበት ሰዓት ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ያየ ሰው ይህንን በደንብ ይረዳዋል፤ በየሳይቱ ለማረድ፣ ለማጠብና ለድግስ ተብለው ከተሠሩት የጋራ መገልገያ ቤቶች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም የጥበቃ ማደሪያ ናቸው። የነዋሪውን ባህል ያከበረ በጎ ሐሳብ ነበር፤ ቤቶቹን ማን እንደሚያጸዳ፣ ውኃውን ማን እንደሚከፍል፣ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ግን ገና ላልተቋቋመ የነዋሪዎች ማኅበር ተተወ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደር አዋጅ ማንኛውም ፕሮጀክት በጀት ከማግኘቱ በፊት ጥናቱ እንዲገመገም መጠየቁ ትልቅ እርምጃ ነው። የአዋጭነት ጥናት፣ ማለትም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚያስገኘውንና የሚያስወጣውን አመዛዝኖ ይሠራ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚመልስ ሰነድ፣ ከውሳኔው በኋላ ለማሟያ የሚጻፍበት ልማድ በዚህ አዋጅ ብቻ ይቀራል ማለት ግን አስቸጋሪ ነው። ጥናቱን የሚፈርመው አጥኚው ብቻ ከሆነ ልማዱ ይቀጥላል፤ ሥራውን ተረክቦ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ኃላፊም ይህ ነገር ቢሰጠኝ ይህን እሠራበታለሁ፣ ለዚህም በዓመት ይህን ያህል ገንዘብና ይህን ያህል ሰው ያስፈልገኛል ብሎ መፈረም አለበት። ሊፈርም ካልደፈረ ፕሮጀክቱ አልበሰለም ማለት ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አባላት በእነዚህ ቀናት የመሥሪያ ቤቶቹን ሪፖርት ይሰማሉ፣ የአዲሱን ዓመት በጀትም ያጸድቃሉ። ከእነርሱ የሚጠበቀው ዘንድሮ ስንት በመቶ ተሠራ ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ የዛሬ ሦስት ዓመት መቶ በመቶ ተጠናቀቀ የተባለው ዛሬ ማን ይጠቀምበታል፣ ስንት ቀን ሠራ፣ ስንት ቀን ቆመ ብሎ መጠየቅ ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተርም የክዋኔ ኦዲቱን፣ ማለትም ገንዘቡ ለታለመለት ዓላማ በቁጠባና በውጤታማነት መዋሉን የሚመረምርበትን ሥራ፣ ርክክብ ከተፈጸመ አንድ ዓመት የሞላቸውን ፕሮጀክቶች ሁሉ እንዲያካትት ቢጠየቅ ለዚህ የሚሆን ሥልጣንም ባለሙያም አለው። ጥያቄው ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይቅረብ።