ቪዛው ሳይመጣ ቤት አታስይዙ

ሦስት ነርሶች ነን። እዚሁ እስራኤል ተምረን በአንድ ዓመት ተመረቅን፤ ዛሬ ሦስታችንም በተለያየ ከተማ በቁፓት ሆሊም ክሊኒክ እንሠራለን። የስኳር ሕመምተኛ እግር ስናይ፣ የደም ግፊት ስንለካ፣ ብዙ ወሬ እንሰማለን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደጋግመን የምንሰማው «አሜሪካ ካምፓኒ ልንከፍት ነው፣ ቪዛው ቀላል ሆኗል» የሚለውን ነው። ስማቸውንም ከተማቸውንም የማንናገር አንዲት እናት ይህንኑ የነገሩን፣ ግፊታቸው ለምን እንደዚያ ከፍ እንዳለ ስንጠይቃቸው ነበር። ልጃቸው ለዚሁ ጉዳይ ቤታቸውን ለባንክ አስይዞታል።

እኛም በሩቅ ሆነን አይደለም የምንናገረው፤ ሞክረነዋል። በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ ከአማርኛ ሌላ የማይናገሩ አባቶችና እናቶች አሉ፤ ልጆቻቸው ቀን ከሌት ሥራ ላይ ናቸው። ቤት ለቤት እየሄደ የሚንከባከባቸው ድርጅት ብንከፍትስ ብለን ተነሣን። ሐሳቡ ዛሬም ጥሩ ነው እንላለን። የተሳሳትነው መንገዱን ያሳየናል ብለን ባመንነው ሰው ነው።

አማካሪው በሁለት ስብሰባ 9 ሺህ ሰቅል ተቀበለን። ምክሩ አጭር ነበር፤ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ እስራኤላዊ ያለ ቪዛ፣ በኢስታ ብቻ መግባት ስለሚችል «ግቡ፣ ሥራውን ጀምሩ፣ ወረቀቱን እዚያው ትለውጣላችሁ» አለን።

ሐሰት ነው። በኢስታ የገባ ሰው እስከ 90 ቀን ቆይቶ ቢሮ ማየት፣ ከባንክና ከጠበቃ ጋር መነጋገር፣ ውል መፈራረም ይችላል። ካምፓኒውን እዚያ ተቀምጦ ማስተዳደር ግን ሥራ ነው፣ አይፈቀድም። በዚያ ላይ በኢስታ የገባ ሰው እዚያው ሆኖ ወደ ሥራ ወይም ወደ ቢዝነስ ቪዛ መለወጥ አይችልም። ይህን የጣሰ ሰው ኢስታውን ያጣል፤ ነገ ኤምባሲ ሄዶ ቪዛ ሲጠይቅም ይኸው ይነሣበታል።

ትክክለኛው ቪዛ ኢ 2 ይባላል። ለእስራኤል ዜጎች የተከፈተው ከሜይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ነው። (ኢትዮጵያ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ከ1953 ጀምሮ አለች። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን በኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ሊጠይቁት እንደሚችሉ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ራሳችን አንብበን ነው የደረስንበት።) ይህን ያህል ዶላር አምጡ የሚል ቁጥር በሕጉ የለም። ገንዘቡ ከሥራው ወጪ ጋር ሲተያይ በቂ መሆን አለበት፤ ደግሞም ሥራ ላይ የዋለ ወይም ለሥራው የታሰረ መሆን አለበት። ባንክ ውስጥ የተኛ ገንዘብ አይቆጠርም። ሥራው ለባለቤቱና ለቤተሰቡ የዕለት ጉርስ ብቻ የሚያወጣ ከሆነም አይበቃም።

የባለቤትነቱ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። የድርጅቱ ቢያንስ ግማሽ በእስራኤል ዜጎች እጅ መሆን አለበት። ሜሪላንድ ያለችው አክስት የአሜሪካ ዜጋ ከሆነችና «ስሙ በእኔ ይሁን» ብላ 51 በመቶ ከያዘች፣ ፍቅሯ ቪዛውን ገደለው ማለት ነው። እኛ ደግሞ በሌላ በኩል ወደቅን። ቪዛውን የሚጠይቅ ሰው ድርጅቱን የሚመራው እሱ መሆኑን ማሳየት አለበት። ሁለት ሰዎች እኩል ሲካፈሉ አንዱ ያለ ሌላው ምንም ማድረግ ስለማይችል ያልፋል። ለሦስት እኩል ሲካፈሉ ግን አንዳቸውም መሪ አይባሉም። እኛ ጓደኞች ስለሆንን ለሦስት እኩል ነበር የተካፈልነው! አማካሪው ይህን አይቶ ዝም ብሎ ገንዘቡን ተቀበለ።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ቤት አስይዙ የሚለው ምክር የሚመጣበት ምክንያት አለ። የሚከፈተውን ድርጅት ንብረት አስይዘው የተበደሩት ገንዘብ ለዚህ ቪዛ አይቆጠርም፤ የራስን ቤት አስይዘው የተበደሩት ግን ይቆጠራል። በወረቀት ልክ ነው። ነገር ግን በእኛ ሰው ዘንድ ቤቱ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አባትና እናት በጽዳትና በፋብሪካ ሥራ ሃያና ሠላሳ ዓመት ማሽካንታ ከፍለው ያቆሙት፣ ከእሱ ሌላ ምንም የሌላቸው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ያለ ግብር የሚወጣው ቄረን ሂሽታልሙት ያለው ሰው መጀመሪያ እሱን ይመልከት። ገንዘቡንም ለሻጩ ወይም ለአከራዩ በቀጥታ አይስጥ። ሕጉ ገንዘቡን በአደራ ጠባቂ እጅ ማስቀመጥን ይፈቅዳል፤ ውሉ «ቪዛው ከተሰጠ ለሻጩ ይለቀቃል፣ ከተከለከለ ለባለቤቱ ይመለሳል» ይላል። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ የማያስገባ አማካሪ ለማን እንደሚሠራ ጠይቁ።

ሌላው የእኛ ጣጣ እቁብ ነው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ለኤምባሲው በሰነድ ማሳየት ግዴታ ነው። እቁብ ንጹሕ ገንዘብ ነው፤ ግን በጥሬው እጅ በእጅ የሚሰጥ ስለሆነ ወረቀት የለውም። ከመካከላችን አንዷ እቁብ የደረሳት ጊዜ ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ፣ ከዓመት በኋላ ባንክ ስታስገባ ለራሱ ለባንኩም ማስረዳት አቅቷት ነበር። እቁብ የምትጥሉ ከሆነ በባንክ ዝውውር ጣሉ፣ የአባላቱን ስምና ዕጣውን ጽፋችሁ ያዙ። ስምም እንዲሁ ነው። ፎርሙ «ሌላ ስም ነበረዎት ወይ» ብሎ ይጠይቃል። ስንገባ የዕብራይስጥ ስም የተሰጠን፣ የትውልድ ቀናችን በግምት የተጻፈልን ብዙ ነን። የድሮውን ስም አለመጻፍ መደበቅ ሊመስል ይችላል፤ ሁሉንም ጻፉ።

ኢ 2 ግሪን ካርድ አይደለም። በየመግቢያው ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ ሥራው እስካለ ድረስ ይታደሳል፣ ሥራው ሲዘጋ መብቱም አብሮ ያልቃል። የትዳር ጓደኛ የፈለገው ቦታ መሥራት ይችላል፤ ልጅ ግን 21 ሲሞላው ከወላጁ ቪዛ ይወጣል። የ17 ዓመት ልጅ ያላችሁ ይህን አስቡ። እንደ እኛ ነርስ የሆነም ሰው የድርጅት ባለቤት መሆን መርፌ መውጋት አያስፈቅድለትም፤ የዚያን አገር የነርስ ፈተና አልፎ ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት። እዚህ ደግሞ ለዓመታት የራቀ ሰው በቢቱዋህ ለኡሚ ነዋሪነቱ ሊቋረጥ፣ ሲመለስም ለቁፓት ሆሊም የወራት መጠበቂያ ሊጣልበት ይችላል። ክሊኒካችን መጥተው መድኃኒት በሙሉ ዋጋ ለመግዛት የተገደዱ ተመላሾች አይተናል።

እኛ አሁን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይዘናል፤ ክፍያው በደረጃ ነው፣ ውሉም ተጽፏል። የ9 ሺህ ሰቅሉን ነገር ለአነስተኛ ክርክሮች ፍርድ ቤት አቅርበን ቀን እየጠበቅን ነው። ድርጅቱ ለሁለት እኩል ይሆናል። ከሦስታችን ማን እዚህ እንደምትቀር ገና አልተነጋገርንበትም።