መዝገቡ የሚያውቀው፣ ልጁ የማያውቀው

በብሪታንያ ሕግ መሠረት በለጋሽ የወንድ ዘር ወይም እንቁላል የተወለደ ሰው 18 ዓመት ሲሞላው የለጋሹን ስምና የመጨረሻ አድራሻ ከመንግሥት መዝገብ መጠየቅ ይችላል። ይህ የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2005 ወዲህ በለገሱት ላይ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ባለመብቶች ለዕድሜው የደረሱት በ2023 መገባደጃ ነው። ሕጉ በጎ ነው፤ ትልቅ ቀዳዳ ግን አለበት። ልጁ በልገሳ መወለዱን ወላጆቹ ካልነገሩት ማንም አይነግረውም፤ የልደት ምስክር ወረቀቱም ዝም ይላል። መኖሩን የማያውቀውን ነገር ማን ይጠይቃል? የልጅ መብት በወላጅ ዝምታ ሊሻር አይገባም፤ የመንገሩን ግዴታ መንግሥትም መሸከም አለበት።

ዝምታው ሥር የሰደደ ነው። ከ1991 በፊት ማዕከላዊ መዝገብ አልነበረም። ዘሩ ብዙ ጊዜ ከሕክምና ተማሪዎች ይወሰድ ነበር፤ ባልና ሚስቱም ምስጢሩን ይዘው እንዲኖሩ ይመከሩ ነበር። የ1990ው ሕግ መዝገቡን ቢያቋቁምም የለጋሹን ስም ሰወረ። በ2002 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ መገኛን ለማወቅ መሻት በአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 ከተጠበቀው የግልና የቤተሰብ ሕይወት እንደሚቆጠር አረጋገጠ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ስም መሰወሩ ቀረ።

ከሕጉ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስለ ጋብቻ የሚናገረው ክፍል ነው። 16 ዓመት የሞላው ሰው፣ ሊያገባ ያሰባት ልጅ በልገሳው በኩል ትዛመደው እንደሆነ፣ እሷም ከተስማማች፣ መዝገቡን መጠየቅ ይችላል። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ በማይታሰብበት ወግ ላደገ ሰው የዚህን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም። ሽማግሌ ቢቆጥር እንኳ የሚቆጥረው ያሳደገውን አባት ዘር ነው። አንድ ለጋሽ ደግሞ በብሪታንያ ክሊኒኮች እስከ 10 ለሚደርሱ ቤተሰቦች ልጅ ሊያስገኝ ይችላል፤ ወደ ውጭ በሚላከው ዘር ላይ ያ ገደብ አይሠራም።

የወላጆች ፍርሃት ይገባኛል። መካንነት ዛሬም በብዙ ቤት እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ባልየውም ነገሩ ከታወቀ አባትነቴን አጣለሁ ብሎ ይሰጋል። በሕግ ግን አባትነቱ አይነካም፤ በተፈቀደለት ክሊኒክ የለገሰ ሰውም ቀለብ አይጠየቅም፣ አይወረስም። ምስጢሩስ ቢሆን ስንት ጊዜ ይቆያል? ለዘረመል ምርመራ ምራቁን በፖስታ የላከ አንድ የሩቅ ዘመድ ይበቃል። በአርባ ዓመት ከኮምፒውተር ገጽ ከመስማት በልጅነት ከእናት አፍ መስማት እጅግ ይሻላል።

የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት መንገዱን አሳይታለች። ከ2010 ጀምሮ በልገሳ የተወለደ ሰው ለአካለ መጠን ደርሶ የልደት ምስክር ወረቀቱን ሲጠይቅ፣ ስለ ልደቱ ተጨማሪ መረጃ እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት ለራሱ ብቻ ይሰጠዋል። ምስክር ወረቀቱ አይለወጥም፤ አሠሪ ቢያየው ምንም አይነግረውም። በ2017 ደግሞ ቀድሞ ስማቸው እንደማይገለጥ ቃል የተገባላቸውን ለጋሾች ማንነት ጭምር ከፈተች፤ ለጋሹ ግን እንዳያገኙት መከልከል ይችላል። ይህኛው ከብዶኛል፤ የተገባ ቃል ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ቃሉን የተለዋወጡት ሐኪሙና ለጋሹ ናቸው፤ ልጁ በውሉ አልነበረበትም።

ብሪታንያ ቢያንስ ያን ተያያዥ ወረቀት ትውሰድ። ዕድሜው 16 ይሁን፤ ስለ ጋብቻ መጠየቅ የሚፈቀደው ከዚያ ጀምሮ ነውና። ከዓመት በፊት ለወላጆች ማሳሰቢያ ይድረሳቸው፤ ቀድመው ራሳቸው እንዲነግሩት፣ ካስፈለገም አማካሪ አብሯቸው እንዲቀመጥ።