ጉርሻ ወይስ ጉቦ?

ውድ ወላጆች፣ ለክረምቱ እረፍት ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ ብዙ ናችሁ። አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ፣ «ቲቸር፣ ቢዝነስ ክላስ እንድታስገባን ለኤርፖርት ሠራተኛዋ ጉርሻ ብንሰጣትስ?» አለ።

ጉርሻ በፍቅር የምናጎርሰው ነው። ለአስተናጋጅ የምንተወውንም ገንዘብ በዚሁ ስም እንጠራዋለን፤ የሚሰጠው ከአገልግሎቱ በኋላ፣ ለምስጋና ነውና። ሠራተኛዋ የራሷ ያልሆነውን ወንበር እንድትሰጠን አስቀድሞ የሚሰጣት ግን ጉቦ ነው፤ ከሥራዋም ሊያስወጣት ይችላል። ሰፊ ወንበር ያማረው በሸባማይልስ ነጥቡ ይጠይቅ፤ ወይም ልዩነቱን ለአየር መንገዱ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበል።

ልጆች ቃል የሚማሩት ከእጃችንም ነው። ዛሬ እራት ላይ አጉርሷቸውና ሁለቱን ቃላት በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር እንዲያስገቡ ጠይቋቸው።