ቀና ብሎ ቢያይ፦ የቀስተ ደመና ቀለማት በጋፋት ሰማይ

በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የፎቶግራፍ ወዳጆች የሚያዘወትሩት አንድ የጨዋታ ዓይነት አለ። ተሳታፊው የቀስተ ደመናን ቀለማት በቅደም ተከተላቸው እየተከተለ፣ ዛሬ ቀይ ነገር፣ ነገ ብርቱካናማ፣ ከነገ ወዲያ ቢጫ እያለ በየዕለቱ አንድ አንድ ፎቶግራፍ ያነሣል። በመጨረሻው ቀን ፎቶግራፎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ኅብረ ቀለሙ ይሟላል። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ይበቃል። እኛም ይህ ጨዋታ በጋፋት፣ በደብረ ታቦርና በአካባቢው በሚገኙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት ዘንድ ቢለመድ እንወዳለን። ነገር ግን ከነማስታወሻ ቃላቱ፣ ከነቀለም ስሞቹ እንዳለ ተገልብጦ እንዲመጣ አንፈልግም።

ከማስታወሻ ቃላቱ እንጀምር። በእንግሊዝኛ የሰባቱ ቀለማት ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው «ሮይ ጂ ቢቭ» የሚል በዓለም ላይ ያልኖረ ሰው ስም ይሰጣሉ። እንግሊዞች ደግሞ የዮርኩ መስፍን ሪቻርድ በከንቱ መዋጋቱን የሚናገር ዐረፍተ ነገር አላቸው፤ የእያንዳንዱ ቃል መነሻ ፊደል የአንድ ቀለም መነሻ ነው። መስፍኑ እ.ኤ.አ. በ1460 በዌክፊልድ ጦርነት የሞተ ሰው ነው። ለእንግሊዝ ልጅ ይህ መልካም ዘዴ ነው፤ የታሪክ ትምህርቱ የፊዚክስ ትምህርቱን ይደግፍለታል። የጋፋት ልጅ ግን መስፍኑንም፣ ጦርነቱንም፣ የእንግሊዝኛውን የቀለም ስም አጻጻፍም በአንድ ጊዜ መሸምደድ ይኖርበታል። ማስታወሻው ራሱ ሌላ ማስታወሻ የሚያሻው ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ በአማርኛ ለምን አይሠራም? አንድ ችግር ይነሣል። ብርቱካናማና ቢጫ ሁለቱም በ«በ» ቤት ይጀምራሉ። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ተነባቢውን ብቻ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በተምታቱ ነበር። ይሁንና የእኛ ፊደል አናባቢውን በውስጡ ስለሚይዝ «ብ» ሌላ፣ «ቢ» ሌላ ነው፤ አንደኛው ሳድስ፣ ሁለተኛው ሣልስ። ስለዚህ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ የሚለው ተራ «ቀ፣ ብ፣ ቢ፣ አ፣ ሰ፣ ወ» የሚል የማይምታታ ሰንሰለት ይሰጠናል። በእነዚህ ፊደላት ደግሞ ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር መሥራት ይቻላል፦

ቀና ብሎ ቢያይ አባይ ሰማይ ወጣ።

ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሐይቅ ይፈስሳሉ፤ ከጣና ደግሞ አባይ ይወጣል። በጢስ እሳት ፏፏቴ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ሰው የወንዙ ውኃ በጢስ መልክ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ በጢሱም ውስጥ ቀስተ ደመና ሲሣል ያያል። ዐረፍተ ነገሩ ስለዚህ ቀለማቱን ብቻ ሳይሆን የተፈጠሩበትንም ነገር፣ ይኸውም በአየር ላይ የተንጠለጠለን የውኃ ጠብታ ያስታውሳል። (ወንዙ በዐይኑ «ዓ» መጻፍ አለበት የሚሉ አንባቢያን እንደሚኖሩ እንገምታለን። እነርሱ በ«አባይ» ፈንታ «አሞራ» ቢሉ ቅር አይለንም፤ ጉና ላይ አሞራ አይጠፋም።)

አስተዋይ አንባቢ የቆጠርናቸው ቀለማት ስድስት እንጂ ሰባት እንዳልሆኑ ሳይገነዘብ አይቀርም። የተተወው በእንግሊዝኛ ኢንዲጎ የሚባለው፣ በሰማያዊና በወይን ጠጅ መካከል የሚቀመጠው ቀለም ነው። የተውነውም በስንፍና አይደለም። አይዛክ ኒውተን የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፍሎ ሲመረምር በመጀመሪያ የለየው አምስት ዋና ዋና ቀለማት ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ። ብርቱካናማንና ኢንዲጎን የጨመረው በኋላ ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው የቀለማቱ ክፍፍል ከሰባቱ የሙዚቃ ድምፆች ክፍፍል ጋር እንዲስማማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» በተሰኘው መጽሐፉም ሰባትነቱ ጸንቶ ተላለፈ። በተፈጥሮ ግን በኅብረ ቀለሙ ውስጥ አጥር የለም። የሞገድ ርዝመቱ ከ700 ናኖ ሜትር ገደማ እስከ 400 ገደማ ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ የሚቆርጠው ዓይናችንና ቋንቋችን ነው። እንግዲህ ቁጥሩ የሰው ውሳኔ ከሆነ፣ ብዙዎቻችን በቀስተ ደመና ላይ ለይተን የማናየውን፣ በአማርኛም ወጥ ስም ያላበጀንለትን ቀለም ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ እንዲጽፍ የምናስገድድበት ምክንያት አይታየንም። ቅደም ተከተሉ ግን የሰው ውሳኔ አይደለም፤ እርሱን መያዝ ግድ ነው።

ስለ ሽምደዳ ስንናገር አንድ የቆየ ጥበብ ማንሣት ይገባናል። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥር ልጅ ሀ ሁ ሂን በተራው ካነበነበ በኋላ መምህሩ አያምኑትም። ዜማውን ይዞ እንጂ ፊደሉን አውቆ ላይሆን ይችላልና። ስለሆነም ፊደሉን ከግርጌ ወደ ራስጌ ያስነብቡታል፤ ቀጥሎም ተራው ሆን ተብሎ የተዘበራረቀውን አቡጊዳን ይሰጡታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት ይኖርበታል። እንደ ቤተልሔምና ዙር አባ ያሉት ታላላቅ የዜማ ጉባኤ ቤቶች በሚገኙበት በደቡብ ጎንደር ስለ ቃል ጥናት ለሕዝቡ መምህር መሆን አይቻለንም። ከዚያ ሥርዓት ልንወስደው የሚገባን ግን ይህን ነው፦ የቃል ማስታወሻ ለመነሻ ይጠቅማል፣ ዕውቀቱ መኖሩ የሚረጋገጠው ግን ተራው ሲዛባ ነው። ለቀስተ ደመናም አቡጊዳ ያስፈልጋል። የፎቶግራፉን ጨዋታ የወደድነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተፈጥሮ ራሷ እንዲህ ያለውን የተገለበጠ ንባብ ታቀርብልናለች። ብርሃን ወደ ዝናብ ጠብታ ሲገባ ይሰበራል፣ ከጠብታው የውስጥ ግድግዳ አንድ ጊዜ ነጥሮ ሲወጣ ዳግመኛ ይሰበራል። ቀዩ ከፀሐይ ትይዩ ካለው ነጥብ 42 ዲግሪ ያህል፣ ወይን ጠጁ 40 ዲግሪ ያህል ርቆ ስለሚታይ ቀይ በውጭ፣ ወይን ጠጅ በውስጥ ይሆናል። አንዳንዴ ከዋናው በላይ፣ በ51 ዲግሪ ግድም፣ የደበዘዘ ሁለተኛ ቅስት ይታያል። በዚህኛው ብርሃኑ በጠብታው ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚነጥር ቀለማቱ ተገልብጠው ቀዩ በውስጥ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰማይ ከሌላው የጠቆረ ነው። እዚህ ላይ ሰንደቅ ዓላማችን ለተማሪው ታላቅ እርዳታ ያደርግለታል። አረንጓዴ ከላይ፣ ቢጫ ከመሐል፣ ቀይ ከታች መሆናቸውን የማያውቅ ልጅ የለም። ከታች ወደ ላይ ቢያነብበው የዋናውን ቅስት ሦስት ቀለማት ከውጭ ወደ ውስጥ በትክክለኛ ተራቸው ያገኛል፤ እንደ ተሰቀለ ካነበበው ደግሞ የሁለተኛውን ቅስት ተራ ያገኛል።

ስሞቹም ጥንቃቄ ይሻሉ። ቀስተ ደመና በሕዝቡ አንደበት የማርያም መቀነት ይባላል፤ አንዱ ስም ከቀስት፣ ሌላው ከወገብ መታጠቂያ የመጣ ሲሆን መቀነቱ የቀለማቱን ጥለት መሰል አሰላለፍ ይበልጥ ይገልጻል እንላለን። ከቀለማቱ ስሞች ብርቱካናማ ከፍሬ፣ ሰማያዊ ከሰማይ፣ ወይን ጠጅ ከመጠጥ የተወሰዱ ናቸው። የመጨረሻው አጠያያቂ ነው። በብርሌ ያለ ወይን ቀይና ሰማያዊን ያጣመረ መልክ አለው፤ በቀስተ ደመና ዳር የሚታየው ግን ራሱን የቻለ አጭር የሞገድ ርዝመት ነው። ሐምራዊ የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ይህን ቃል አንዱ ለዚህ፣ ሌላው ወደ ሮዝ ለሚያደላ ቀለም ሲጠቀምበት እንሰማለን። ለጊዜው ወይን ጠጅን መርጠናል፤ የተሻለ ስም በአንድ አዛውንት ሸማኔ ወይም በአንዲት ስፌት ሰፊ እናት ዘንድ ሊኖር ስለሚችል ተማሪዎች ፎቶግራፍ ሲያነሡ የቀለሙን የአካባቢ ስም ጠይቀው ይጻፉ።

ካሜራው ደግሞ እንደምናስበው ታማኝ ምስክር አይደለም። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በሦስት ማጣሪያዎች የተነሡ ሥዕሎችን አደራርቦ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1861 ሲሆን፣ በጋፋት የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ጉዞ የጀመረው በ1867 ነው። በማግሥቱ ዓመት ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት ፎቶግራፍ አንሺዎች ግን የሠሩት በጥቁርና ነጭ ነበር። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው የኮሎዲዮን ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቀይን አይቀበልም። በዚህም ሳቢያ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ቀይ ነገር ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። በዚያ ዘዴ የተነሣ ባለ ጃኖ ሰው ቀዩ ጥለቱ ጥቁር መስሎ ይታያል። የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ እያዩ ስለ ልብስ ቀለም የሚፈርዱ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

የዛሬው የእጅ ስልክም ቢሆን የሚለካው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ያለፈውን ብርሃን ብቻ ነው። ስክሪኑም የሚያበራው እነዚህኑ ሦስቱን ስለሆነ ትክክለኛውን የቀስተ ደመና ወይን ጠጅ ማውጣት አይችልም፤ ሰማያዊን ከጥቂት ቀይ ጋር ቀይጦ ያስመስላል። ስለዚህ ተማሪው በዓይኑ ያየውን ከስልኩ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መመዝገብ አለበት። ከውብ ሥዕል ይልቅ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ያለው ሥዕል ቢሸለም እንመርጣለን።

በጋፋት ሌላም የቀለም ትምህርት አለ። ብረት በከውር ሲግል በመጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ እየሆነ ወደ ነጭነት ይጠጋል። ይህ የቀስተ ደመና ተራ ነው፤ ነገር ግን አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። የጋለ ነገር አንድ ቀለም ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቀላቅሎ ስለሚያበራ፣ አረንጓዴው ሲበረታ ቀዩም ቢጫውም አብረው ስላሉ ዓይን ድምሩን ነጭ ብሎ ይቀበለዋል። የአንጥረኛን ፍም ከሩቅ ሆኖ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ተማሪ «አረንጓዴ የጋለ ብረት ለምን የለም?» ብሎ ቢጠይቅ ከብዙ የመማሪያ ገጾች የበለጠ ነገር አገኘ ማለት ነው።

ቀስተ ደመናውን ራሱን ለሚሻ ሰው ጊዜና አቅጣጫ እንጠቁም። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ዋናው ቅስት አይታይም። በነሐሴ በጋፋት ላይ የቀትር ፀሐይ ከአናት ብዙም ስለማትርቅ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ጀምሮ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ድረስ ሰማይን ማሰስ ከንቱ ድካም ነው። ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ መመልከት ነው፤ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉናም በዚያው በኩል ስለሚገኝ ዝናቡ ተራራው ላይ እያለ ከተማው ላይ ፀሐይ ከወጣች ዕድሉ ሰፊ ነው። ሙሉው ቅስት 84 ዲግሪ ስለሚሰፋ በአንድ ሥዕል አይገባምና ሥዕሎችን መቀጠል ያስፈልጋል።

ውድድሩን ለሚያዘጋጁ መምህራን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ልጆች በየክፍሉ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ጉዳዩ ከኤክስ ክሮሞሶም ጋር የተያያዘ ስለሆነ በወንዶች ላይ ይበዛል። ሁለት ሁለት ሆነው ቢሠሩ ማንም አያፍርም፤ እንዲያውም ሁለቱ ልጆች የማይስማሙበት ሥዕል ለውይይት የተሻለው ሥዕል ነው።

ቀለማቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለቀዩ በጓሮ የተሰጣ በርበሬ፣ ለብርቱካናማው የተከፈለ ዱባ፣ ለቢጫው የመስከረም አደይና የኑግ ማሳ፣ ለአረንጓዴው ገና ያላሸተ ገብስ፣ ለወይን ጠጁ የአተር አበባ አለ። የሚቸግረው ሰማያዊው ነው፤ ሰማይን ማንሣት ስንፍና ነውና በደንቡ ቢከለከል እንወዳለን። የተልባ አበባ ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን ጠዋት ፈክቶ እኩለ ቀን ግድም ቅጠሎቹ ስለሚረግፉ ሰማያዊን የሚሻ ተማሪ ከትምህርት ቤት መልስ ሳይሆን በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ወደ ማሳ ይውጣ።